የውሃው አባትና ራሱ የሚከፈተው በር

አንድ ሰው ነበረ፤ ያገሩ ሰው የውሃ አባት ይለዋል። ሥራው ምን መሰለሽ፣ ረድኤት? ከአንዲት ምንጭ የሚወርደውን ውሃ ከላይኛው ማሳ እስከ ታችኛው ድረስ ለገበሬው በተራ ማካፈል ነው። ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም። መሥሪያ ቤትሽ ያመጣው አዲሱ ሶፍትዌር የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅን ከወንበሩ ያስነሳል ወይ፣ እኔስ ሌላ እንጀራ ልፈልግ ወይ ነው ያልሽኝ። አጎትሽ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ኮምፒዩተር አያውቅም፣ ሰው ግን ያውቃል። እስቲ ስልክሽን ደፍተሽ አስቀምጪውና ስሚኝ።

ይህ ሰው አንድ ረጅም የወይራ ዘንግ ነበረው። ዘንጉን መሬት ላይ ይተክልና በጥላው ተራ ይለካል። ጥላው ምልክቱ ላይ ሲደርስ የአንዱን ቦይ ዘግቶ የሌላውን ይከፍታል። ዘንጉን ይዞ ብቅ ሲል የተቀመጠው ሁሉ ይነሳለታል፤ እሱም ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ክብሬ ያለው እዚህ ዘንግ ላይ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሞኝ አልነበረም፤ በዚህች ነገር ግን ተሞኝቷል።

ከቦይ ወደ ቦይ ሲሄድ መንገዱ አያልቅለትም። በሬ ከሞተበት ሰው ጋር ቁጭ ይላል። በድንበር የተኳረፉ ወንድማማቾችን ያስታርቃል። የታመመ ይጠይቃል፣ ይቀልዳል፣ ይቀለድበታል። ሚስቱ፣ ውሃ ላካፍል ብለህ ወጥተህ ወሬ ስታካፍል ትውላለህ እያለች ትነዘንዘዋለች። እሱም እውነቷን ነው ይላል። የባከነ ጊዜ ይመስለው ስለነበር ያፍርበታል።

በዚያው አገር አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ ማሳው ከምንጩ ሥር ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተራ ጭቅጭቅ ሰልችቶት ነው እንጂ። አንድ እጀ ብልህ አናጢ አስመጣና ከምንጩ አፍ ላይ በር አሠራ። በሩ ከገንቦ ጋር ታስሯል። ገንቦው በውሃ ሲሞላ በክብደቱ ይወርድና የአንዱን ቦይ ዘግቶ የሚቀጥለውን ይከፍታል፤ ሰው አይነካውም። አይተኛም፣ ጠላ ቤት አያመሽም፣ ለአበልጁ አያዳላም። ሕዝቡ ወደደው፤ እውነቱን ለመናገር የሚወደድ ነበር። ከዘንጉም ይልቅ ልክ ነው። በጭጋግ ቀን ዘንግ ምን ጥላ አለው?

የውሃ አባትን ጠሩና፣ እስካሁን ለደከምክልን እግዜር ይስጥልን፣ ከእንግዲህ ዕረፍ አሉት። ሰው ዕረፍ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ቤቱ ገብቶ ዘንጉን ከበር ጀርባ አቆመውና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ልቡ ክፉ ሆነበት። ያ የምንጩ በር ዛሬ ይሰበር ይሆን እያለ ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ይጥላል። በሩ አልተሰበረም። ይህን ልብ በይልኝ፤ መሣሪያው ሲበላሽ ይፈልጉኛል ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዙ ይቀመጣል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረና ምንጩ ቀጠነ። በሩ እንደ ልማዱ ማካፈሉን ቀጠለ። ለሁሉም ማሳ እኩል ይሰጣል፤ ለሁሉም ማሳ ግን ጉንጭ የማታርስ ውሃ ናት። ገና መሃል ሳትደርስ የተሰነጠቀው መሬት ይጠጣታል። በቆሎው ቅጠሉን ጠቀለለ፣ ቃሪያው አበባውን አራገፈ። በሩ ለማንም ሳያዳላ ሁሉንም እኩል ይገድል ጀመር።

ሕዝቡ ምንጩ አፍ ላይ ተሰበሰበ። አናጢው ገንቦውን በትንሽ ቀየረ፣ በትልቅ ቀየረ፤ ተራው ያጥራል ይረዝማል እንጂ ውሃው አይጨምርም። መድኃኒቱን ሁሉም ያውቀዋል። ያለችውን ውሃ ለምንጩ ለሚቀርቡት ለላይኞቹ ማሳዎች ብቻ መስጠት፣ የታችኞቹን እንዲደርቁ መተው፣ የሚገኘውን እህል ደግሞ ላይና ታች ሳይሉ አብሮ መካፈል ነው። ግን ማን ደፍሮ ጎረቤቱን፣ ያንተ ማሳ ይድረቅ ይለዋል? የታችኞቹም፣ ዛሬ ውሃዬን የሰጠሁት ሰው እህል ሲሰበሰብ ያውቀኛል ወይ አሉ። ዋስ ጥሩ አሉ። የላይኞቹ ባለጸጋውን ጠሩ። እሱ ራሱ ውሃው የሚደርሰው ነው፤ ተጠቃሚ ለገዛ ነገሩ ዋስ አይሆንም ተባለ። እውነትም አይሆንም።

ከታችኞቹ መሃል አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ያላት ያችው አንዲት ማሳ ናት። «እንግዲያው በሩ ዋስ ይሁነን» አለች። ሰው በጭንቀቱ መሃል ሳቀ። ሳቁ በረድ ሲል ነው አንዱ፣ ለመሆኑ የውሃ አባት የት ገባ ያለው።

ሰው ተልኮ ሲመጣበት የውሃ አባት መጀመሪያ ኮራ። አሁን ገና ታወስኳችሁ አለ በልቡ። እንዲያውም የሚይዙት የሚጨብጡት ይጥፋቸው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሊያዞር ነበር። ሚስቱ ግን፣ የእኛስ ማሳ አብሮ እየደረቀ አይደል፣ ኩርፊያ ውሃ አይሆንም አለችው። ተነሳ። ከበር ጀርባ የቆመውን ዘንግ አየው፣ አየው፣ ተወው። ባዶ እጁን ወጣ።

ወደ ስብሰባው አልሄደም። የእሱ ማሳ ከታችኞቹም የመጨረሻው ነው። ሕዝቡ ከላይ ሆኖ እያየው ቁልቁል ወረደ። ጭቃ ዛቀ፣ ሣር ነጨ፣ ሁለቱን ደባልቆ የገዛ ቦዩን አፍ ደፈነ። የደፈነው የዓመት ቀለቡን ነው። ከዚያ ጭቃውን ሳይታጠብ ወደ ምንጩ ወጣና እንዲህ አለ።

«የእኔን ዘግቻለሁ። ለታችኞቹ ዋሱ እኔ ነኝ። ከላይኞቹ ቃሉን የሚያጥፍ ቢገኝ፣ በረቴ ገብታችሁ ከብቶቼን ንዱ።»

በዚያ አገር ዋሱን ያስበላ ሰው ቀባሪ አያገኝም። የላይኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ቃል ገቡ። ከታችኞቹ ግን አንድ ቁጡ ገበሬ ዶማውን እንደያዘ፣ እኔ አልዘጋም፣ ቦዬን የሚነካ ይሞክረኝ ብሎ ተነሳ። የውሃ አባት አልተከራከረውም። ሰውዬው እስኪቀመጥ ጠበቀና ሄዶ አጠገቡ ቁጭ አለ። በሬው የሞተበት ቀንም እንዲሁ ነበር አጠገቡ ቁጭ ያለው። ቁጡው ሰው ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ዋሱ አንተ ከሆንክ እሺ» አለና ዶማውን ይዞ ወደ ቦዩ ወረደ።

ባልቴቷ ተከተለችው። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ወረዱ። ሚስቱ ባከነ ስትለው የኖረችው ጊዜ ያን ዕለት እህል ሆነ።

የላይኞቹ ማሳዎች ፍሬ ያዙ። እህል ሲሰበሰብ ከሁሉም ቀድሞ ጎተራውን የከፈተው ያ ባለጸጋ ነው። በዚያ ዓመት የጠገበ ሰው አልነበረም፤ አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሰውም አልነበረም። በሩንስ ምን አደረጉት ትይኝ ይሆናል። አልነቀሉትም። ያን ክፉ ወቅት እስኪያልፍ ለላይኞቹ ብቻ እንዲከፍት አድርገህ አስተካክለው ብሎ አናጢውን ያዘዘው የውሃ አባት ራሱ ነው። በሩም አንድ ቀን ሳይስት ሠራው። ሰውዬው ሹመቱ ተመለሰለት፤ ጥላ መለካት ስለቀረለት ቀኑን ሙሉ ሰው ለሰው ሲዞር ይውላል። ዘንጉን ሚስቱ ቆርጣ የዶሮ ቤት በር መወርወሪያ አደረገችው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ በር ሶፍትዌርሽ ነው። ማን እንደዘገየ ያውቃል፣ ሥራ ያከፋፍላል፣ ቀነ ገደብ ያስታውሳል፣ ሪፖርት ይጽፋል አልሽኝ። ይጻፍ። ይህ ሁሉ ሥራ ዘንግሽ ነው። ዘንግ ከመያዝ ሌላ ሥራ የሌለው አለቃ ካለ ይነሳል፤ አልዋሽሽም፣ መነሳትም አለበት። አንቺ የፈራሽው ዘንጉ ራስሽን መስሎሽ ነው።

ቅድም ስለምታሠሪው ጤና ጣቢያ ስትነግሪኝ ምን ነበር ያልሽኝ? የኤሌክትሪኩ ሠራተኞች አለቃና የልስኑ ሠራተኞች አለቃ ተኳርፈዋል። ሶፍትዌሩ ለሁለቱም በየጠዋቱ፣ ዘግይታችኋል የሚል መልእክት ይልካል፤ ሁለቱም አይከፍቱትም። መልእክቱ ተሳስቷል? አልተሳሳተም። ግድግዳው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተለሰነም። አንደኛው ለሌላው ቦታ መልቀቅ አለበት፤ የለቀቀው ደግሞ ነገ፣ ሥራውን ያጓተተው እሱ ነው እንዳይባል የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁለቱን ከመጥራትሽ በፊት አለቆችሽ ዘንድ ግቢና፣ የዚህ መዘግየት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ በያቸው። ይከብድሻል፣ አውቃለሁ፤ የራስሽ ቦይ ነውና መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው። ከዚያ ጭቃሽን ሳትታጠቢ ሄደሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ።

አንቺን የሚተካ መሣሪያ ይመጣል ወይ ነበር ጥያቄሽ። በረት ያለው፣ ለሰው ቃል ብሎ ከብቱን የሚያሲዝ መሣሪያ የመጣ ቀን ንገሪኝ፤ ያን ቀን ሌላ እንጀራ አብረን እንፈልጋለን።