በእጄ አልበላሁም

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ የላሚቱን ቅቤ ግን ለጊዜው ተዉት።

አያ ከርከሮ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይወጋው፣ ትንፋሹም ይቆራረጥ ጀመር። ሐኪሙ ጉሬዛ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠና፣ «ልብህን ስብ ከቦታል። ቅቤና ጮማ ካልተውክ ትሞታለህ» አለው። ከርከሮም ላይበላ ምሎ ሄደ።

በሳምንቱ ይባስ ብሎ ወፍሮ ተመለሰ።

«ጮማ በልተሃል!» አለ ጉሬዛ።

«ኧረ በፍጹም! በእጄ አልበላሁም።»

«ታዲያ ይሄ ቦርጭ ከየት መጣ?»

«እትዬ ጃርት አጎረሱኝ። የጎረቤት እጅ ይመለሳል እንዴ? ነውር ነው!»

ጉሬዛ ጭራውን እየነጨ ጃርት ቤት ሄደ። ጃርት ደግ ናት፤ በሰፈሩ ያላጎረሰችው ፍጡር የለም።

«እትዬ፣ ጎመን ያጉርሱት፣ ባቄላ ያጉርሱት፤ ጮማውን ብቻ ይተዉለት! ልለምንዎ!»

«ውይ! አንዲት ጉርሻ እኮ ናት።»

«አንዲት ብቻ?»

«አንድ ጉርሻማ ያጣላል። እደግመዋለሁ እንጂ።»

በሦስተኛው ሳምንት ከርከሮ ዳገቱ መሃል ወደቀ፤ አልተነሳም።

ለቅሶ ቤት ጉሬዛ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ጃርት እንባዋን እየጠረገች፣ በቅቤ የራሰ ጉርሻ ጠቅልላ መጣችበት።

«ሐኪሜ፣ በሐዘን ከሳህ እኮ። በሞቴ!»

ጉሬዛ ሊጮህባት አፉን ከፈተ። አጎረሰችው። ገና ሳይውጥ ሁለተኛውን ትጠቀልል ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን፣ እባካችሁ፣ በምንም አታብሱ።