ዘር ያሻገረው ስልቻ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፣ የጥንቱን ላውጋችሁ።

ዕቃ ሁሉ በሚናገርበት ዘመን አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬቷ ከወንዝ ማዶ ነው። የቀራት አንድ ቁና የጤፍ ዘር ብቻ። የዘር ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ዘሩ ካልተሻገረ ለልጆቿ የከርሞ እንጀራ የለም።

«ማን ያሻግርልኛል?» ብላ ዕቃዎቿን ጠየቀች።

«እኔ!» አለ እንቅብ። «ቀዳዳዬን በእበት ደፍነውልኛል፣ አንዲት ፍሬ አታመልጠኝም።»

«እኔ እንጂ!» አለ ገንቦ። «እሳት ያልበገረኝን ውሃ ይበግረኛል?»

ጥግ የተጣለው ስልቻ ቀስ ብሎ «እኔም አለሁ» አለ።

ሁለቱ በሳቅ ሞቱ። «አንተ የፍየል ግፋፊ! መቆም እንኳ ያቃተህ! ተኛበት!»

አንጓች ዘሩን ለሦስት ከፈለች።

በመጀመሪያው ቀን እንቅብን ተሸክማ ገባች።

«ምን አመጣሽልኝ?» አለ ወንዙ። ውሃውን እየረጨ እበቱን አጠበው። ጤፉ በስፌቱ መሃል ሾለከ።

«ኧረ እመቤቴ፣ ይያዙልኝ!» አለ እንቅብ። በምን ይያዝ!

በሁለተኛው ቀን ገንቦን አዘለች።

«ዛሬስ ምን አመጣሽልኝ?» አለ ወንዙ። እግሯን ጠለፋት፣ ገንቦ ከቋጥኝ ተላተመ። ጤፉም ገሉም ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን አንጓች የቀረውን ዘርና ስልቻን ይዛ ወረደች፣ ወንዙ ዳር ተቀምጣም አለቀሰች።

«እመቤቴ» አለ ስልቻ፣ «ዘሩን ከሥር ያድርጉ፣ ከላይ ትንፋሽዎን ይሙሉብኝ። አፌን በጠፍር አጥብቀው ይሰሩና ደረትዎን ያስደግፉብኝ።»

«ባትችልስ?»

«ከፍየሏ ላይ ሲገፉኝ ችያለሁ፣ ሊያለፉኝ ሲረግጡኝ ችያለሁ። ወንዝ ምን ያደርገኛል?»

እንዳላት አደረገች፣ ገባች።

«ምን አመጣሽልኝ?» ብሎ ወንዙ አፉን ከፈተ። ጎረሰው፤ ስልቻ ብቅ አለ። ዋጠው፤ ስልቻ ብቅ አለ። በቁጣ ከሥር ሲገፋው ስልቻ ሳቀ።

«ግፋ ጌታው፣ ግፋ! አንተ ስትገፋ እኔ ወደ ማዶ ነኝ!»

ወንዙም ደከመውና ማዶው ዳር ላይ ተፋቸው።

አንጓች ጠፍሩን ፈትታ እጇን ሰደደች። ጤፉ ደረቅ፣ እንደ አሸዋ የሚንሿሿ! እልልታዋን ገደሉ አስተጋባው። ጤፍ ዘሩ ጥቂት ነው፣ በረከቱ ብዙ፤ ያቺው ሲሶ ቁና ተዘርታ ጎተራ ሞላች። አንጓችም ከዚያ ወዲህ ዘሯን ለሌላ ዕቃ አልሰጠችም፤ ጎረቤቶቿም አይተው ስልቻ ማልፋት ያዙ።

እናንተም ስሙኝ፦ ዕቃን በጓዳ አታሞግሱት፣ ማዶ ላይ ጠብቁት።