የወለላ ሳውናና የመዝጊያው መቀርቀሪያ

አንድ ጊዜ፣ የኅዳር ውርጭ በሚበረታበት ደጋ ላይ፣ ዳለቻ የሚባል ሽማግሌ አህያ ወለላ ከምትባል ሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭነት ተሸክመው፣ አሁን ጀርባቸው አርፎ፣ ጎን ለጎን ሣር እየነጩ የሚውሉ ነበሩ።

ዳለቻ ፈሪ ነው። ፈሪ ነው ማለት ግን ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። ድልድይ ከመርገጡ በፊት በአንድ እግሩ ይሞክራል። ከተሻገረም በኋላ ዞር ብሎ አይቶ «አሁንስ ደህና ነው?» ይላል። ወለላ በዚህ ትስቅበታለች።

«አንተ እኮ ስትተኛም አንድ ጆሮህ ዘብ ይቆማል» ትለዋለች።

«እሱም ላንቺው ነው የሚቆመው» ይላታል።

በዚያ ዓመት የወለላን ጉልበት ብርድ ገባው። ጠዋት ልትነሣ ትሞክርና ተመልሳ ትተኛለች። ሣሩ ደግሞ እያለቀ ነበር። የአህያው መንጋ ጨረቃ ስትሞላ ገደሉን ወርዶ፣ ለምለም ወዳለበት ወደ ቆላው ወንዝ ሊሄድ ተነጋግሯል። ገደሉን መውረድ ያልቻለ ደጋው ላይ ይቀራል። ደጋው ላይ ደግሞ አያ ጅቦ አለ።

«አንተ ከመንጋው ጋር ውረድ» አለችው ወለላ። «እኔ ሲሻለኝ እከተላችኋለሁ።»

«አንቺን ትቼ የት ነው የምወርደው? ጆሮዬን ማን ያክልኛል?»

ይህን ሲነጋገሩ እመት ቀበሮ በዚያ ስታልፍ ሰማች። እመት ቀበሮ እንዲሁ ስታልፍ ሰምታ አታውቅም፤ ቆማ ነው የምትሰማው።

«ለጉልበትማ ሳውና ነው መድኃኒቱ» አለች።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው፣ እመት ቀበሮ?» አለ ዳለቻ።

«ከተማ፣ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ በአጥር ቀዳዳ አይቻለሁ። ትንሽ የእንጨት ቤት ናት። የጋለ ድንጋይ ያስገቡና ውሃ ጠብ ያደርጉበታል። እንፋሎቱ ይነሣል፤ እነሱ ቁጭ ብለው ላባቸውን ያወርዳሉ። ሰውዬው እየተንፏቀቀ ገብቶ እየተንጎራደደ ነው የወጣው!»

የወለላ ዓይን በራ። የዳለቻ ግንባር ግን ተጨማደደ።

«ቤቷ በእሳት ብትያያዝስ?»

«እሳቱን ውጭ አንድደው፤ ድንጋዩን ብቻ አስገባ።»

«ከየት ያለ ድንጋይ?»

«ከዚህ ከጅረቱ ነዋ! ቅርብ ነው፣ ለስላሳ ነው።»

ዳለቻ አንድ የጅረት ድንጋይ አምጥቶ ለብቻው እሳት ውስጥ ከተተና ራቅ ብሎ ከቋጥኝ ኋላ ተሸሸገ። እመት ቀበሮ እየሳቀችበት ሳለ ድንጋዩ «ጧ!» ብሎ ፈነዳ። ስባሪው በጆሮዋ አጠገብ እያፏጨ አለፈ።

«ውሃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ ውስጡ ውሃ ይዟል» አለ ዳለቻ። «ይህን ይሆናል ብዬ ነው የፈራሁት።»

ስለዚህ ከኮረብታው ጥቁርና ደረቅ ድንጋይ ለቀመ። የቤቷን ቦታ ከደረቅ ሣር አርቆ፣ ለምንጩ አቅርቦ መረጠ። ጥድ ሲሞቅ ሙጫው ይንጠባጠባል ብሎ ስለፈራ በደንብ የደረቀ ዋንዛ አመጣ፤ ስንጥሩ የወለላን ጎን እንዳይወጋም በድንጋይ ፍቆ አለሰለሰው። ከግድግዳው በታችና በላይ ቀዳዳ ሲተው እመት ቀበሮ ጮኸች።

«ሙቀቱ ይወጣብሃል!»

«አየርስ በየት ይግባላት?» አላት።

የቀረው መዝጊያው ነበር። ዳለቻ በአፍንጫ ሲገፋ የሚከፈት፣ ምንም መቆለፊያ የሌለው መዝጊያ ነበር የፈለገው። ሙቀት ውስጥ ያለ ሰውነት ይደክማል፤ የደከመ ደግሞ ወዲያው መውጣት አለበት ብሎ ያስብ ነበር።

«ወይ ጉድ!» አለች እመት ቀበሮ። «አያ ጅቦም እኮ አፍንጫ አለው! እሱ ገፍቶ ቢገባባትስ? ጠንካራ መቀርቀሪያ ይሁንለት እንጂ፤ ያውም ከውስጥ።»

የዳለቻ ጆሮዎች ወደቁ። አህያ ነውና፣ የጅብ ስም ሲነሣ ሌላው ፍርሃቱ ሁሉ ይጠፋበታል። እሳቱን፣ ድንጋዩን፣ ስንጥሩን ሁሉ አስቦ የፈተሸ አህያ፣ መቀርቀሪያውን ሳይፈትሽ ከውስጥ ገጠመው። መዝጊያውንም በአንድ ጎኑ፣ ከውጭ በኩል፣ እንደ ማጠፊያ ከላይና ከታች በበሬ ጠፍር ከመቃኑ ጋር አሰረው።

ሳውናው ሠራ። ወለላ ከመግባቷ በፊት ውሃ ትጠጣለች፤ ሆዷን ሞልታም አትገባም። ዳለቻ ውጭ ድንጋዩን ያግልና በእንጨት እየገፋ ያስገባላታል። እሷ በመቀርቀሪያው ከውስጥ ስትቀረቅር እሱ ደጅ ቆሞ ይጣራል።

«ወለላ?»

«አለሁ።»

ጥቂት ይቆይና «ወለላ?» ይላል።

«አለሁ አልኩህ እኮ! ላቤን እንኳ በሰላም አታስወርደኝም?»

«ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

ብዙ ሳትቆይ ያስወጣታል። ጥላ ስር አርፋ ትጠጣለች። እንዲህ ሲሉ ሰንብተው ጉልበቷ ላላ፤ ምንጩ ድረስ ብቻዋን ሄዳ የተመለሰች ዕለት ጎረቤቶቹ አህዮች «ወለላ ደግሞ ልትዳር ነው እንዴ?» እያሉ ቀለዱባት። ዳለቻ ደስታውን የሚያደርግበት ቢያጣ ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

መንጋው ሊወርድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ ስታዘነብል፣ ወለላ ሳውናው በር ላይ ቆመች።

«ዛሬ ትንሽ ልቆይ። ድንጋይም ጨምርልኝ።»

«የለመድነው ይበቃል።»

«ዳለቻዬ፣ ነገ ገደል አለብን። መሀል መንገድ ላይ ጉልበቴ እምቢ ቢልና አንተንም ባስቀርህስ? እኔ የምፈራው እሱን ነው።»

ወለላ እፈራለሁ ስትል ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ድንጋይ ጨመረላት። እሷም ገብታ በመቀርቀሪያው ቀረቀረች።

«ወለላ?»

«አለሁ።»

«ወለላ?»

«አለ...ሁ።»

«በቃሽ፣ ውጪ! ወለላ?»

መልስ የለም።

«ወለላ! ክፈቺው!»

በደረቱ ገፋው። ዞሮ በኋላ እግሩ ረገጠው። መዝጊያው ግን ራሱ መርጦ፣ ራሱ አለስልሶ የሠራው ወፍራም ዋንዛ ነበርና ንቅንቅ አላለም። ጠፍሩን በጥርሱ ያዘው። የአህያ ጥርስ የሣር ጥርስ ነው፤ አላመጠው እንጂ አልቆረጠውም።

ዳለቻ ዙሪያውን አየ። መንጋው ሩቅ ነው። ቁጥቋጦው ውስጥ ግን ሁለት ዓይኖች ነበሩ። አያ ጅቦ ማምሻ ማምሻውን ሽታቸውን ተከትሎ እዚያ እንደሚያደፍጥ ዳለቻ ያውቃል። አህያ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ።

«አያ ጅቦ! ኧረ አያ ጅቦ፣ ይድረሱልኝ!»

ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ።

«ማንን ነው?» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ።

«እርስዎን ነው!»

«አንተ አህያ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እኔስ ጅብ አይደለሁም?»

«ነዎት።»

«እንግዲያው ተሳስተሃል» አለ አያ ጅቦ ብቅ ብሎ። «የምትሮጠው አንተ፣ የማባርረው እኔ ነኝ። ሩጥ እንጂ!»

«ዛሬ አልሮጥም። ይልቅ ይህ መዝጊያ ላይ የበሬ ጠፍር አለ። በእንፋሎት ርሶ ለስልሷል። ይብሉልኝ።»

«ከጠፍሩ በኋላስ?»

ዳለቻ ዞሮ መዝጊያውን አየ።

«ከጠፍሩ በኋላ እኔ አለሁ። እሷን ብቻ ይተዉልኝ።»

አያ ጅቦ አሰበ። ሲያስብ ለሃጩ ይወርዳል።

«ጠፍርም፣ አህያም! የቱን ላስቀድም?»

«ጠፍሩን! አህያው የትም አይሄድም!»

አያ ጅቦ ዘሎ የላይኛውን ጠፍር ገመጠ። የታችኛውን ደገመ። ማኘክ ጊዜ የሚያጠፋበት መስሎት ሁለቱንም ባንዴ ጉንጩ ውስጥ ጠቀጠቀ። መዝጊያው ተገንድሶ ወደቀ፤ እንፋሎቱም ፊቱ ላይ ቦነነበት። ዳለቻ በጎኑ ሾልኮ ገባና ወለላን በጋማዋ ነክሶ እየጎተተ ነፋሻው ላይ አወጣት።

ውሃውን ባንዴ አልደፋባትም። ከምንጩ በአፉ እያመጣ አንገቷ ላይ ጠብ ጠብ አደረገላት።

«ወለላ?»

አልተንቀሳቀሰችም።

ከኋላው የጅብ መንጋጋ ሲንቋቋ ይሰማል። ዳለቻ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላው አልዞረም።

«ወለላዬ?»

አንድ ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ።

«አ...ለሁ።»

ውሃ በቀስታ አስጎነጫት። ቀና ማለቷን ካየ በኋላ ነው የዞረው። ወደ ጅቡም ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ይኸው አለሁ። ቃሌን አላጥፍም።»

አያ ጅቦ አፉን ሊከፍት ሞከረ። አፉ እምቢ አለ። ያ ሁሉ ጠፍር በጥርሶቹ መካከል ተሰንቅሮ፣ ውርጩ ሲነካው ደግሞ እየተኮማተረ መንጋጋውን አስሮት ነበር።

«እምምም!» አለ። አንገቱን ነቀነቀ። በፊት እግሮቹ አፉን ፈተገ። «እምገ!»

«ነገ ነው የሚሉት?» አለ ዳለቻ በትሕትና። «እሺ፣ ነገ ይሁን።»

አያ ጅቦ ራሱን ነቅንቆ፣ ጠፍሩን እያላመጠ ወደ ቁልቁለቱ ሄደ።

ወዲያው እመት ቀበሮ በአፏ ደረቅ ሣር ይዛ ብቅ አለች። የወደቀውን መዝጊያ ስታይ ሣሩ ከአፏ ወደቀ።

«መዝጊያዬን! መዝጊያዬን ማን ገነጠለው?»

«መዝጊያዎን?» አለ ዳለቻ።

«ማለቴ... የእናንተን። ስትወርዱ ቤቷን ልጠብቅላችሁ ብዬ እኮ ነው።»

«ሣሩስ?»

እመት ቀበሮ ወደ ሰማይ አየች። ወለላ ከተጋደመችበት ሆና ሳቀች።

«ለመኝታዋ ነዋ! መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን ያለችው ለራሷ ኖሯል።»

ዳለቻ ሊቆጣ አሰበ፤ ግን መቀርቀሪያውን የገጠመው የራሱ እግር ነበር። ደግሞ ወለላ እየሳቀች ነው።

«ቤቷን ይውሰዷት፣ እመት ቀበሮ» አለ። «መቀርቀሪያውን ግን ይጣሉት። ሲገቡም ደጅ ቆሞ የሚጣራዎ ይኑር።»

እመት ቀበሮ የሚጣራት ማን እንደሆነ ስታስብ ማንንም አጣች። የወደቀውን ሣር መልሳ በአፏ አነሣች።

በማግስቱ አያ ጅቦ ጠፍሩን ሳይጨርስ መንጋው ገደሉን ወረደ። ወለላ እያረፈች፣ ዳለቻ ከስሯ እየቀደመና ድንጋዩን በአንድ እግሩ እየሞከረላት ከወንዙ ደረሱ። እዚያም ሌላ ትንሽ ሳውና ሠሩ። በሯ የሰሌን መጋረጃ ብቻ ነበር። ጅብ ቢመጣ ብሎ የሚፈራው ዳለቻ፣ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ራሱ በሩ ላይ ይቆማል።

«ወለላ?»

«አለሁ። አንተስ?»

«እኔም አለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የምንወደውን ከውጭ ጠላት ለመጠበቅ ብለን የምንዘጋው በር፣ በጭንቅ ሰዓት እኛንም ውጭ እንዳያስቀረን አስቀድመን መፈተሽ እንዳለብን ነው።