ብሳና በርን አልከብም ያለው ካርታ

እኔ እየደረደርኩ ላውራ፣ እናንተ በጣታችሁ ቁጠሩ፤ አንድ ከዘለልኩ ከመጀመሪያው አስጀምሩኝ።

ብሳና በር በምትባል ቀበሌ ትርንጎ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀበሌዋ በካርታው ላይ ድንበር እንዲኖራት። ካርታው ማንም በነፃ የሚያየው፣ ማንም የሚያውቀውን የሚጨምርበት የሕዝብ ካርታ ነው። ብሳና በሮች ሁለት ዓመት ሙሉ በስልካቸው ቤቱን፣ መንገዱን፣ ጅረቱን ሁሉ አስገብተውበታል። ድንበር ግን የላቸውም። ድንበር ስለሌላቸው በዚህ ካርታ የሚሠሩ የክትባት ዘመቻ ዕቅድ አውጪዎች ቤቶቻቸውን ለጎረቤት ቀበሌ ለዶቅማ ዳር ይቆጥሩባቸዋል፤ ክትባቱም እዚያ ይወርዳል። አምና ትርንጎ የኩፍኝ ክትባት አለቀባትና ስልሳ አንድ እናቶችን ልጆቻቸው ሳይከተቡ መለሰች። ዘንድሮ አንዲትም እናት ላትመልስ ምላለች። ዘመቻው ደግሞ አንድ ወር ብቻ ቀርቶታል።

አዲስ አበባ ወደ ናርዶስ ደወለች። ናርዶስ የሕዝቡን ካርታ ከሚያርሙት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናት።

“ናርዲዬ፣ ቀበሌዬን ክበቢልኝ።”

“ሲስተርዬ፣ በግምት ካሰመርኩ ሁለት ቀበሌ አጣልቼ አርፋለሁ። የመንግሥትን የድንበር መስመር አምጪልኝ።”

ካርታው ያለ መስመር አልከብም አለ።

ትርንጎ ወረዳ ሄደች። መስመሩ በመረጃ ባለሙያው በአቶ ዳምጠው ኮምፒውተር ውስጥ ተዝናንቶ ተቀምጧል።

“ይኸው መስመርሽ፤ ያምራል አይደል?” አሏት። “ሕዝብ ይጠቀምበት የሚል ደብዳቤ ሳልይዝ ግን ከዚህ ንቅንቅ አይልም።”

ፎቶ ልታነሳው ስልኳን አወጣች። ወዲያው ግን የሕዝቡ ካርታ ሳይፈቀድ የመጣ ነገር እንደማይቀበል አስታወሰችና መልሳ ከተተችው። መስመሩ ያለ ደብዳቤ አልወጣም አለ፤ ካርታው ያለ መስመር አልከብም አለ።

ደብዳቤው በዚያው ቀን በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተጻፈ፤ ማኅተም ግን የለውም። ማኅተሙ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የወይዘሮ አሰለፈች መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

“ልጄ፣ መስመሩ ከተሰመረ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው” አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። “ትክክል ነው ብሎ ቀያሹ ሳይፈርም ማኅተም መትቼ በስተርጅና ፍርድ ቤት ልመላለስ? አላደርገውም!”

ማኅተሙ ያለ ፊርማ አልመታም አለ፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አልሄድም አለ፤ መስመሩ ያለ ደብዳቤ አልወጣም አለ፤ ካርታው ያለ መስመር አልከብም አለ።  የአምናዎቹ ስልሳ አንድ እናቶች ትርንጎ ፊት ድቅን አሉባት።

ቀያሹን ጋሽ አንዳርጌን መነጽራቸውን ሲወለውሉ አገኘቻቸው።

“ጋሼ፣ እባክዎ ይፈርሙልኝ።”

“መስመሩን ያሰመርኩት እኔው ነኝ፤ ግን ባዶ ወረቀት ላይ ነው” አሏት። “ዛሬ በማን ጓሮ እንደሚያልፍ በምን አውቄ ልፈርም? ቤቱን፣ መንገዱን፣ ጅረቱን ማየት አለብኝ። ዞሬ ልየው ብል ሁለት ወር ይፈጅብኛል።”

ፊርማው ቤቱን፣ መንገዱን፣ ጅረቱን ሳላይ አልፈረምም አለ፤ ማኅተሙ ያለ ፊርማ አልመታም አለ፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አልሄድም አለ፤ መስመሩ ያለ ደብዳቤ አልወጣም አለ፤ ካርታው ያለ መስመር አልከብም አለ!

ትርንጎ በሣቅ ፈነዳች። ጋሽ አንዳርጌ ሴትዮዋ ለየላት ብለው ደነገጡ።

“ቤቱ፣ መንገዱና ጅረቱ? እሱማ በእጃችን ነው!” አለችና የሕዝቡን ካርታ ከፍታ ስልኳን ሰጠቻቸው።

ጋሽ አንዳርጌ መነጽራቸውን አጠለቁ። አቶ ዳምጠውን አስጠርተው መስመሩን በኮምፒውተሩ ላይ ከካርታው ጋር አስደረቡት። መስመሩ ጅረቱን ተከትሎ ሲወርድ ሲወርድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ዘወር ይልና የእማማ ውዴን ቤት ለሁለት ይከፍለዋል፤ መኝታቸው ብሳና በር፣ ማድቤታቸው ዶቅማ ዳር።

“ወጥ ለመሥራት ቀበሌ ይቀይራሉ ማለት ነው!” አሉ አቶ ዳምጠው።

ጋሽ አንዳርጌ አልሣቁም። የድሮ የመስክ መዝገባቸውን አውጥተው አገላበጡ። “ጅረቱን ተከትሎ ይላል። የሳተው የእኔ እጅ ነው” አሉና መስመሩን ወደ ጅረቱ አስመለሱት። ከዚያ ቀና ብለው “ይህን ካርታ ማን ሠራው?” ሲሉ ጠየቁ።

“እኛ” አለች ትርንጎ። “ብሳና በሮች።” ይህን ስትል ደረቷ ተነፋ፤ ቢነፋም አይፈረድባትም።

“እኔ ዕድሜ ልኬን ስቀይስ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም” አሉ ጋሽ አንዳርጌ፤ ብዕራቸውንም አነሱ።

ቤቱ፣ መንገዱና ጅረቱ ታየ፤ ፊርማው ተፈረመ፤ ማኅተሙ ተመታ፤ ደብዳቤው ሄደ፤ መስመሩ ወጣ፤ ካርታውም ብሳና በርን እቅፍ አድርጎ ከበበ!

የዘመቻው ቀን ክትባቱን የጫነው መኪና ማንንም ሳይጠይቅ መጥቶ ጤና ኬላው በር ላይ ቆመ። የክትባት ሳጥኑ ላይ “ብሳና በር፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሕፃናት” ተብሎ ተጽፎበታል። ትርንጎ ጽሑፉን ሁለቴ አነበበችው። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋ እናት ልጇን አዝላ ስትወጣ ሳጥኑ ውስጥ ገና ክትባት ነበር። ትርንጎ በሩ ላይ ወጥታ “የቀረ ልጅ አለ?” ብላ ተጣራች። የቀረ ልጅ አልነበረም።