ለቅሶ የሚደርሰው ማሽን

አንድ አስናቀ የሚባል ጠቢብ ነበር። የኖረው ገና ባልመጣ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ጨረቃ ደርሶ መመለስ እንደ ዛሬ መርካቶ ደርሶ መመለስ ነበር። ረዳቶች በመንኮራኩሩ በር ላይ ተንጠልጥለው «ጨረቃ! ጨረቃ! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ፤ ውስጡ ግን ግማሹ ባዶ ነው። የሰው ልጅ ብዙ ነገር አውቆ ነበር። ያላወቀው ነገር ቢኖር ለምን እንደሚኖር ነው።

አስናቀን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ጥያቄ ነበር። አባቱ የሞቱት እሱ ገና ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መጨረሻው ሞት ከሆነ መኖሩ ለምን አስፈለገ?» ሲል ኖረ። መጻሕፍቱን ጨረሰ፣ መምህራኑን አሰለቸ። በመጨረሻ ጥያቄውን በሬዲዮ ወደ አንድ ሩቅ ኮከብ ላከ። እዚያ በዕድሜም በዕውቀትም ከሰው እጅግ የሚበልጡ ፍጡራን እንደሚኖሩ፣ ለጠየቃቸውም ሁሉ እንደሚመልሱ ይወራ ነበር። ከዚያ ጣሪያው ላይ የሬዲዮ ድምፅ የሚቀበል ትልቅ ሳህን ተከለ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገና መጠበቅ ጀመረ።

ዓመታት አለፉ። መልሱ መጥቶ እንዳያጣው ብሎ አስናቀ ከወንበሩ አይነሳም። ጎረቤት ሲታመም አይጠይቅም፣ ሲሞት አይቀብርም። አንድ ቀን የእድሩ ዳኛ አቶ ወንድይፍራው በሩ ላይ ቆሙ።

«አስናቀ፣ ቀብር ላይ አላየንህም» አሉት።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ሟቾቹም ሥራ ነበራቸው። በዚህ ከቀጠልክ እድሩ ያሰናብትሃል። እናትህ አርጅተዋል፤ ያኔ ድንኳኑን ብቻህን ልትተክል ነው?»

አስናቀ አሰበበት። አስቦ አስቦም የተማረ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራ። እሱን ተክቶ ለቅሶ የሚደርስ ማሽን ፈጠረ።

እናቱ እማማ እናኑ ማሽኑን ሲያዩት፣ ስም የሌለው ነገር ቤቴ አይገባም ብለው «ምትኩ» የሚል ስም አወጡለት። ምትኩ መጀመሪያ ላይ ሰርግና ለቅሶ ይደባለቅበት ነበር። አንዱን ሙሽራ አቅፎ በታላቅ ሐዘን «እግዜር ያጥናህ» ሲለው ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ካገቡ የቆዩት ግን ማሽኑ ምንም አልተሳሳተም አሉ። ውሎ አድሮ ግን ሁሉን ተማረ። የድንኳን ብረት ይሸከማል፣ መቃብር ላይ አፈር ያለብሳል፣ እንግዳ ያስታጥባል። መቼ መናገር እንደሚገባ፣ መቼ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚሻል ከብዙ ሰው በላይ አወቀ። ሰፈሩ ወደደው፤ እድሩም አስናቀን መክሰሱን ተወ።

ቅር ያላቸው እማማ እናኑ ብቻ ነበሩ። የሳቸው ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ከልጃቸው ቤት ፊት ለፊት ነው። ሆኖም ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» የሚላቸው ምትኩ ነበር። አንድ ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

«ልጄ፣ ለምን ምትኩን እዚህ አስቀምጠኸው አንተ ወደ ሰው አትወጣም? እሱ ያዳምጥልህ።»

«አይ እማዬ፣ ማዳመጥ ለማሽን አይታመንም፤ መቅጃውን እንኳ አላምነውም። ትልቅ ነገር ነው።»

«ማልቀስስ?» አሉት።

አስናቀ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አስተካከለ።

ክረምቱ ሲገባ እማማ እናኑ አልጋ ያዙ። ምትኩ ከአጠገባቸው አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አስናቀ መጣ።

«እናትህ ይፈልጉሃል» አለው።

«ምን ፈልጋ?»

«አልነገሩኝም። ውኃ አቀረብኩ፣ አልፈለጉም። ትራሱን አስተካከልኩ፣ አልፈለጉም። አንተን ነው ያሉት።»

አስናቀ ብድግ አለ። ልክ ያን ጊዜ ማዳመጫው ውስጥ አንድ ነገር ኪር ኪር ሲል ሰማ። ከዓመታት ዝምታ በኋላ የመጀመሪያው ድምፅ ነበር። ተመልሶ ቁጭ አለ።

«ጀመረ! መልሱ ጀመረ! ነገ በጠዋት እመጣለሁ በላት!»

ድምፁ እስኪመሽ ሲመጣና ሲሄድ ቆየ። ሲነጋ አስናቀ ሳህኑን ሊያስተካክል ጣሪያው ላይ ወጣ። ሳህኑ ውስጥ ርግብ ጎጆ እየሠራች ነበር፤ ኪር ኪር ሲል ያመሸውም የእሷ ጥፍር ኖሯል። ከጣሪያው ሳይወርድ ከእናቱ ቤት የጎረቤት ጩኸት ተሰማ።

ድንኳኑ ተተከለ። አስናቀ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሰው መሀል ተቀመጠ። ለቅሶ ደራሹ ግን እሱን እያለፈ የምትኩን የብረት ትከሻ ያቅፍ ነበር። «አይዞህ፣ እግዜር ያጥናህ። እናት አትጠገብም» ይሉታል። ምትኩም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል፤ የተማረው እንዲያ ነው። አስናቀ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ሴት ወደ እሱ ዘንበል አሉ።

«ሟቿን ታውቃቸው ነበር፣ ወንድሜ?»

«ልጃቸው ነኝ።»

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «ልጃቸውማ ያውና» ብለው ወደ ምትኩ ጠቆሙት።

አስናቀ አልተቆጣም። በምን አፉ ይቆጣል? ሰው ሲቀንስ ምትኩን ወደ ጥግ ጠራውና፣ «መጨረሻ ላይ ምን አለች?» ሲል ጠየቀው።

«‹በልቷል?› አሉኝ።»

«ምን አልካት?»

«አልበላም አልኳቸው። መዋሸት አላስተማርከኝም።»

ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ አስናቀ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የመቀበያው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እሱ ድንኳን ውስጥ ሳለ መልሱ መጥቶ ኖሯል። ማንም ሳይጠብቀው መቅጃው ራሱ ይዞ አስቀምጦለታል። አስናቀ ከፈተው። የሽማግሌ የሚመስል ድምፅ ተናገረ።

«ጠያቂያችን ሆይ፣ ስለ ዘገየን ይቅርታ አድርግልን። ጥያቄህ ከደረሰን ቆይቷል። ነገር ግን አንዱ ጎረቤታችን እናቱ ሞቱበትና፣ ቤቱ ሰው እንዳይጎድልበት ብለን እሱ ዘንድ ከረምን። ገና አሁን መመለሳችን ነው። ጥያቄህን ደጋግመን ሰማነው። ምን አስጠየቀህ የሚለው ግን አልገባንም። ብቻህን ነህ እንዴ?»

አስናቀ ወለሉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ድንኳን ውስጥ እንቢ ያለው እንባ አሁን መጣ። ምትኩ ድምፁን ሰምቶ ገባ፣ «እግዜር ያጥናህ» አለው፣ ከጎኑም ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ምትኩ ነው። አስናቀ የድንኳን ብረት ይሸከማል፣ መቃብር ላይ አፈር ያለብሳል። ጎረቤቶቹ «ይህ ሰው ለማያውቀው ሟች እንዴት ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?» ይላሉ። በየድንኳኑ የሚያለቅሰው ለእናቱ መሆኑን የሚያውቅ ምትኩ ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ ሰው ለምን እንደሚኖር ከሩቅ የሚላክልን መልስ ያለ አይመስለኝም። ካለም የሚገኘው ከሚጠብቀን ሰው አጠገብ ነው፤ ያም ሰው ሁልጊዜ አይጠብቅም። እኛ እንደ ምትኩ ያለ ማሽን ገና አልሠራንም። ግን በስልክ የሻማ ምስል ልከን «ለቅሶውን ደርሻለሁ» የምንል ብዙ ነን። እንግዲህ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፤ ዛሬ «በልቷል?» እያለ ስለ እናንተ የሚጠይቅ ማን ነው? እሱ ዘንድስ በእናንተ ፈንታ ማንን ልካችኋል?