ማንጠግቦሽ በአያ ጅቦ ዘይት ቤት

እንስሳው ሁሉ አፍ፣ ዕቃው ሁሉ ምላስ በነበረው በዚያ ዘመን የሆነውን ስሙኝ።

መርዶው የመጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። እሜት ማንጠግቦሽ የምትባል ግመል ከግራር ሥር ቆማ ቅጠል ስትቀነጥብ፣ አያ ጅቦ እያለቀሰ መጣ። አያ ጅቦ የኑግ ዘይት ቤት ነበረው። ባሏ አያ ሻረው ደግሞ እዚያ ቤት መጭመቂያውን እየዞረ የሚያዞር ሠራተኛ ነበር።

"እህቴ፣ ሻረው ወደቀ! እየሠራ ወደቀ፣ እየሠራ ሞተ!" አለ አያ ጅቦ።

እሜት ማንጠግቦሽ አንገቷን ጥላ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ሻረው ያንን ቤት ይጠላው ነበር። የአያ ጅቦን ዱላ እያነሣ፣ ስድቡን እያነሣ "እወጣለሁ" ይላት ነበር። ታዲያ ምን ያዘው?

አያ ጅቦ እንባውን ጠረገና "ቦታው ክፍት ነው፤ ለሻረው ስል ላንቺ ልስጥ" አላት።

ዘመዶቿ "ተይ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ" አሏት። እሷ ግን "ባሌን የያዘውን ነገር ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም" ብላ ሄደች።

አያ ጅቦ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍኖ ከመጭመቂያው ጋር አሰራት። "ሂጂ፣ አንቺ ዘገምተኛ!" እያለ በአለንጋ ሸነቆጣትና ወጣ። ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ ጨርቁን ጠየቀችው።

"አንተ ጨርቅ፣ በባሌ ዓይን ላይ የኖርከው፣ ባሌ ለምን አልወጣም?"

"'ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ይህን መንገድ ልጨርስና እወጣለሁ' ይል ነበር።"

"የትኛውን መንገድ?"

"እኔ ምኑን አውቄ? የእኔ ሥራ መጋረድ ነው።"

እሜት ማንጠግቦሽ አፍንጫዋን ከፍታ ተራመደች። ተጨምቆ የተጣለው የኑግ ፋጉሎ ሸተታት። ሄደች፣ ያው ፋጉሎ ሸተታት። ደግሞ ሄደች፣ አሁንም ያው ፋጉሎ! "ለካ መንገድ የለም!" አለች በልቧ።

ከዚያ ኑጉን የሚጨምቀውን የመጭመቂያውን ዘነዘና ጠየቀችው።

"'እኔ ብወጣ ማን ያዞረዋል? ቤቱ ይፈርሳል' ይል ነበር" አለ ዘነዘናው።

"እሱ ሲወድቅስ ምን ሆንክ?"

ዘነዘናው ሳቀ። "ምን እሆናለሁ? ትንሽ አረፍኩ። ይኸው ደግሞ አንቺ መጣሽ!"

ከዚያ የዘይቱን ገንቦ ጠየቀችው።

"'አያ ጅቦ አንድ ቀን ጎበዝ ይለኛል፣ እሱን ሰምቼ እወጣለሁ' ይል ነበር" አለ ገንቦው።

"ብሎትስ ያውቃል?"

"ራሱን ጠይቂው፤ ያውና ውሃ ይዞልሽ እየመጣ ነው።"

አያ ጅቦ መጥቶ ጨርቁን አወለቀላት፣ ከመጭመቂያውም ፈታት። ጉልበቷን አየ፤ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ምራቁን ዋጠ።

"አያ ጅቦ፣ ባሌ ጎበዝ ነበር?"

"ሻረው? ውይ፣ እንዴት ይጣፍጥ ነበር!"

እሜት ማንጠግቦሽ ቀና ብላ አየችው።

"ሥራው... ሥራው ማለቴ ነው" አለ አያ ጅቦ አፉን እየጠረገ።

ያን ጊዜ ገባት። እዚህ ቤት የወደቀ ሁሉ እራት ነው። ጅብ የቆመ ግመል አይደፍርም፤ የሚጠብቀው ጉልበቷ እስኪታጠፍ ነው። ውሃውን እስክትረካ ጠጣችና ወደ በሩ ተራመደች።

"ወዴት ነው? ደክሞሻል እኮ! ትንሽ ጋደም በይና ነገ ትሄጃለሽ።"

"ጋደም ካልኩማ የት እሄዳለሁ?"

"ውለታ ቢስ! ባልሽ እንዲህ አልነበረም!"

"ስላልነበረ ነው ያጣሁት።"

"የባልሽን መቃብር ጥለሽ?"

እሜት ማንጠግቦሽ ዞር አለች። "የባሌ መቃብር አንተ ነህ፣ አያ ጅቦ። እሱን ከሆድህ ማውጣት አልችልም። ልጄን ግን አላስገባልህም።"

አያ ጅቦ ሊዘልባት አሰበ፣ የኋላ እግሯን አየና ተወው። እሷም እያነከሰች፣ ግን በእግሯ፣ ወጣች።

ከጅብ ቤት የሚወጣው፣ ጉልበት ሳያልቅ ነው።

ተረቴን አትመልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ። ሻረው አፈር አልለበሰም፣ ድንጋይ አልተተከለለትም፤ መቃብሩ ላይ ቆሞ የሚጸልይለት የለም። ያነበባችሁም የሰማችሁም፣ ባላችሁበት ሆናችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ።