ሳጥን አይለቁ፣ ፊት አያዞሩ

ስሙማ። ልጅ ያላችሁ ቀረብ በሉ። ልጅ የሌላችሁም አትሂዱ፣ ለጎረቤት ልጅ ይሆናችኋል።

በአንዲት ትንሽ ከተማ የሺእመቤት የምትባል ሴት ነበረች። ከመናኸሪያው ጀርባ ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ምንታምር ትባላለች። ምንታምርን በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛት፤ ነፍሷ ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። አፏ ይናገራል፣ ጆሮዋ አይሰማም። ታዲያ ሰው ሲያናግራት ዐይኗን ከንፈሩ ላይ ትተክልና የሚለውን ከአፉ ታነበዋለች። ፊት ለፊቷ ቁሙላት እንጂ የምትሉት አንዲት ቃል አታመልጣትም።

ይቺ ልጅ አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች። ከረሜላ አይደለም፣ ጫማም አይደለም።

«እማ፣» አለች አንድ ቀን ደብተሯን መደቡ ላይ ወርውራ፣ «መምህሬ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ያስተምሩኝ። ጀርባቸው አፍ የለውም።»

ሦስተኛ ክፍልን ስትማር ይህ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከፋሲካ መልስ ፈተና አለ። እሱን ከወደቀች ለሦስተኛ ጊዜ እዚያው ክፍል ከታናናሾቿ ጋር ልትቀመጥ ነው። «ያኔ አልሄድም፤ ካንቺ ጋር ሽንኩርት እሸጣለሁ» ብላለች። ይቺ ልጅ ደግሞ ያለችውን የምትተው አይደለችም።

ጊዜው ሁዳዴ ነው። የሺእመቤት በማግስቱ ኪዳን አድርሳ፣ ጉሊቷን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ትምህርት ቤት ሄደች። መምህር ይርሳውን ከክፍሉ በር ላይ አገኘቻቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። እስከ ክርናቸው ድረስ ጠመኔ ናቸው።

«ስልሳ ሰባት ልጅ ነው ያለኝ፣» አሏት። «መጽሐፉ ለአራት ልጅ አንድ ነው። ሁሉንም ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ እየጻፍኩም እያስረዳሁ፣ ደወሉ ይደወላል። መቼ ልዙር? ያ ፕሮጀክተር ቢመጣልኝማ! ትምህርቱ ግድግዳው ላይ ይበራል፣ ግድግዳውን አብሮት ባለው ብዕር ነካ ሳደርገው ጽሑፉ ይወጣል፣ እኔ ከጎን ቆሜ ፊቴ ወደ ልጆቹ ይሆናል። በጎ አድራጊዎች የሰጡን እኮ ለነምንታምር ብለው ነው። ከኅዳር ጀምሮ ከነሳጥኑ ግምጃ ቤት ተቀምጧል።»

«ከኅዳር?» የሺእመቤት በጣቷ ቆጠረች። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። እጇ ሞላ። «እርስዎስ አምጡ አላሉም?»

«ብያለሁ» አሉ መምህሩ። ጠመኔያቸውን አነሡ፣ ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

መምህሩ ፊት አያዞሩ፣ ልጅቷ ከአፍ አታነብ!

የሺእመቤት ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደች። ባለ ቁልፉ አቶ ቢያድግልኝ በሩ ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው፣ በክር።

«ሳጥኑ ደህና ነው፣» አሏት፣ ስለ ፕሮጀክተሩ ጠይቃ ሳትጨርስ። «አይጥ አልነካውም። በየሳምንቱ አቧራውን እጠርግለታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። በሉ ይልቀቁትና መምህሩ ይውሰዱት።»

«ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት?» ብድግ አሉ። «ምን ነካሽ እናት! ዕቃ ከዚህ ቤት የሚወጣው በሞዴል ሃያ ሁለት ነው። ያለሱ ስፒል አይወጣም። ወረቀቱን ዳይሬክተሩ ይፈርማሉ፣ እኔ እለቃለሁ። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ በአንድ የጠፋ የመብራት ገመድ ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሷል፤ ልጆቹ ምን በልተው እንዳደሩ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም፤ ግን ገባት። እንዲህ የፈራ ሰው ላይ መቆጣት ኃጢአት መሰላት። ስለዚህ ቁጣዋን ዋጠችና ሄደች።

ባለ ቁልፉ ሳጥን አይለቁ፣ መምህሩ ፊት አያዞሩ፣ ልጅቷ ከአፍ አታነብ!

ዳይሬክተሩ አቶ ልሳነወርቅ ወንበር ስበው አስቀመጧት። ፈገግታቸው አያልቅም።

«ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ገቢ ያልሆነ ዕቃ እንዴት ወጪ ይሆናል? ሳጥኑ በአካል መጣ እንጂ በወረቀት አልመጣም። ገቢ አድርጉት የሚል የወረዳ ደብዳቤ ገና ነው።»

«አልገባም ነው የሚሉኝ?»

«አልገባም።»

«ያልገባውን ነው እንዴ አቶ ቢያድግልኝ የቆለፉበት?»

ዳይሬክተሩ ሳቁ። «አይ አንቺ! ጨዋታ ታውቂያለሽ።»

የሺእመቤት አልሳቀችም። ጨዋታ አላመጣችም፣ ልጇን ነው ይዛ የመጣችው።

ዳይሬክተሩ ወረቀት አይፈርሙ፣ ባለ ቁልፉ ሳጥን አይለቁ፣ መምህሩ ፊት አያዞሩ፣ ልጅቷ ከአፍ አታነብ!

የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከተማው ጫፍ ነው፤ ዳገት አለው። ኃላፊዋ ወይዘሮ ፋንታነሽ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ውዳሴዋን በልቧ ደገመች፣ ጨረሰች፣ እንደገና ጀመረች። ኃላፊዋ ሲወጡ ቦርሳቸው ትከሻቸው ላይ ነው፣ ምሳ ሊሄዱ። ጉዳይዋን እየተከተለች ነገረቻቸው።

«ማሽኑ ይሥራ አይሥራ ሳይታወቅ ገቢ አድርጉ ብዬ ደብዳቤ ልስጥ? ነገ ተበላሽቶ ቢገኝ የምጠየቀው እኔ አይደለሁም? ባለሙያችን ይሠራል ብሎ ሪፖርት ይጻፍ፣ ደብዳቤውን ያኔውኑ አወጣለሁ።» ሁለት ደረጃ ወረዱና ዞር አሉ። «ደሞስ እህቴ፣ ለአንዲት ልጅ ብለሽ ይህን ያህል መንከራተት ምንድን ነው?»

«እኔ ያለችኝ አንዲት ናት» አለች የሺእመቤት። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ ራሷም አላወቀችውም።

ኃላፊዋ ደብዳቤ አይሰጡ፣ ዳይሬክተሩ ወረቀት አይፈርሙ፣ ባለ ቁልፉ ሳጥን አይለቁ፣ መምህሩ ፊት አያዞሩ፣ ልጅቷ ከአፍ አታነብ!

ባለሙያው ናሁሰናይ ይባላል። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች መካከል አገኘችው። ገና ወጣት ነው፤ እሷን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣላት።

«ማዘር፣ እኔ ታኅሣሥ ላይ ሄጃለሁ። ሳጥኑን አየሁት፣ ዞርኩት፣ አንኳኳሁት። ሲበራ ግን አላየሁም። ያላየሁትን ይሠራል ብዬ ልጻፍ? ውሸት ይሆንብኛል።»

«አትዋሽ ልጄ። ታዲያ አብራውና እየው።»

«አውጡልኝና ላብራው አልኳቸው እኮ! ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት አይወጣም አሉኝ።»

የሺእመቤት በዝግታ፣ ሽንኩርት እንደሚቆጥር ሰው፣ አንድ በአንድ አወረደችው።

ሳጥኑ ሳይወጣ ባለሙያው ሪፖርት አይጽፍ። ሪፖርት ሳይጻፍ ኃላፊዋ ደብዳቤ አይሰጡ። ደብዳቤ ሳይሰጥ ዳይሬክተሩ ወረቀት አይፈርሙ። ወረቀት ሳይፈረም ባለ ቁልፉ ሳጥን አይለቁ። ሳጥን ሳይለቀቅ መምህሩ ፊት አያዞሩ። ፊት ሳይዞር ልጅቷ ከአፍ አታነብ። ሳጥኑስ? ሳጥኑ ሳይወጣ ባለሙያው...

«ክብ ነው!» አለች። «ናሁሰናይ፣ ይሄ እኮ ክብ ነው! አምስት ወር ሙሉ ስትሽከረከሩ አንዳችሁንም ራሳችሁን አላዞራችሁም?»

«ማዘር፣ እኔ እንግዲህ የራሴን...»

«ሁሉም የራሱን! መምህሩም የራሳቸውን፣ ባለ ቁልፉም የራሳቸውን! የኔ ልጅ የማን ናት?»

እዚህ ላይ ነው ቁጣው የመጣው። ከእግሯ ተነሥቶ አፏ ጋ ደረሰ። እመብርሃን፣ አፌን ያዢልኝ፣ ጾም ነው፣ አለች በልቧ። እመብርሃን አፏን ያዘችላት፤ እግሯን ግን ለቀቀችው። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ናሁሰናይን እጅጌውን ያዘችው።

«አንድ ነገር መልስልኝ። ማሽኑ ሲበራ ማየት ያለብህ የት ሆኖ ነው? ወረቀትህ ላይ ክፍል ውስጥ ይላል?»

«አይልም። የትም ቢሆን።»

«መብራትና ግድግዳ ካለ?»

«መብራትና ግድግዳ ካለ በቃ።»

«ግምጃ ቤቱ ግድግዳ የለውም?»

ናሁሰናይ መፍቻውንና ገመዱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ዳገቱን ወርደው ትምህርት ቤቱ ደረሱ። አቶ ቢያድግልኝ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ቁልፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«አይወጣም ብያለሁ!»

«ማን ይውጣ አለዎት?» የሺእመቤት ደረጃው ላይ ቆመች። አሁን ድምፅዋ ቀጭን አይደለም፤ ሜዳ ላይ የነበሩት ልጆች ኳሳቸውን ትተው ዞሩ። «አይውጣ! ደጃፉን አይለፍ! እዚያው ካለበት ይከፈት፣ እዚያው ይብራ!»

«ተከፍቶ ቢበላሽስ?»

«ሳይከፈት የተበላሸውን ማን ጻፈው? ሳጥንዎን አይጥ አልነካውም፤ ልጄን ግን አምስት ወር ሙሉ ጀርባ ሰጥታችሁ ነው ያስተማራችኋት! እሷን በየትኛው ሞዴል ገቢ አደረጋችኋት? አቧራዋንስ ማን ጠረገላት?»

አቶ ቢያድግልኝ ከኪሳቸው አንድ የታጠፈ መመሪያ አወጡ፤ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ዕቃ ስለማውጣት ይላል። ዕቃ ስለማዋስ ይላል። ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

«ስለማብራት አይልም» አሉ፤ ግርም እንዳላቸው።

«አይልማ።»

ከአንገታቸው ቁልፉን አወለቁ።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ የተሰበሩ ዴስኮች ጣራ ድረስ ተቆልለዋል። ሦስቱም እየተጋገዙ አንዱን ግድግዳ ነጻ አደረጉ። ናሁሰናይ ሳጥኑን ከፈተ፤ አቶ ቢያድግልኝ ከጀርባው ሆነው «ቀስ! ቀስ በል ልጄ!» ይላሉ። ገመዱ ተሰካ። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ፣ ዐይኑን ገለጠ፣ ያ የቆሸሸ ግድግዳ ቀን መሰለ። ናሁሰናይ በብዕሩ ግድግዳውን ነካ፤ ቀይ መስመር ተከተለው። ብዕሩን ለአቶ ቢያድግልኝ አቀበላቸው። እሳቸው አካባቢውን አይተው፣ በእግር ጣታቸው ተንጠራርተው፣ በትልቁ «ቢያድግልኝ» ብለው ጻፉ። ስማቸው ግድግዳው ላይ በራ።

«ይሠራል» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ይሠራ ነበር።»

የሺእመቤት ያንን ስትሰማ ደስ አላላትም። ይልቁንም ባሰባት። «ጻፍ» አለችው ናሁሰናይን።

ናሁሰናይ ዴስክ ላይ ተደግፎ ጻፈ። እሷ ወረቀቱን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ወይዘሮ ፋንታነሽ «ነገ ጠዋት ተመለሺ» አሉ፤ እሷ «እዚሁ ቆሜ ነገን እጠብቃለሁ» ብላ ጠረጴዛቸው ፊት ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። ኃላፊዋ ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። ደብዳቤው ወጣ፣ ማኅተም ተመታ። ዳገቱን ወረደች። አቶ ልሳነወርቅ ገቢውንም ወጪውንም እያከታተሉ ፈረሙና ከነፈገግታቸው «እንኳን ደስ ያለሽ!» አሏት።

«ደስታውን ኅዳር ላይ ቢሰጡኝ ኖሮ እቀበልዎት ነበር» አለቻቸው። ፈገግታው ያን ጊዜ አለቀ።

ባለሙያው ሪፖርት ጻፈ፣ ኃላፊዋ ደብዳቤ ሰጡ፣ ዳይሬክተሩ ወረቀት ፈረሙ፣ ባለ ቁልፉ ሳጥን ለቀቁ። አቶ ቢያድግልኝ ራሳቸው ናቸው ተሸክመው ክፍሉ ድረስ ያደረሱት፤ ለሌላ ሰው አላምንም ብለው። በማግስቱም መምህሩ ፊት አዞሩ፣ ልጅቷ ከአፍ አነበበች።

ምንታምር ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሮጣ ነው የመጣችው። ጉሊቱ ጋ ደርሳ ትንፋሿን ሳትሰበስብ፦

«እማ! መምህሬ ሸራፋ ናቸው!»

«ምን አልሽ?»

«የፊት ጥርሳቸው! እዚህ ጋ! አላውቅም ነበር። ሲስቁ ደግሞ በእጃቸው ይሸፍኑታል። እኔ ግን አየሁት።»

የሺእመቤት ልትስቅ ነበር። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ሁለት ዓመት! ልጇ ከአንድ ሰው ዘንድ ሁለት ዓመት ተምራ ጥርሱን ያየችው ዛሬ ነው። ያ ቁጣ እንደገና ተነሣ፤ ዐይኗ ሞላ። ልጅቷ እንዳታይባት ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ መለሰች፤ «አምላኬ፣ ይቅር በላቸው፤ እኔ ገና ነኝ» አለች በቀስታ።

ከኋላዋ ምንታምር ቀሚሷን ጎተተቻት። «ምን አልሽ? እማ፣ ምን አልሽ?»

የሺእመቤት ደነገጠች። እንባዋን ሳትጠርግ፣ ቁጣዋን ሳትደብቅ ዞረችላት፤ ጎንበስ ብላ ፊቷን ከልጇ ፊት ጋር አስተካከለች።

«ተናድጃለሁ አልኩ። ባንቺ አይደለም። በይ አሁን ንገሪኝ፣ ሌላስ ምን አሉ?»

ምንታምር ባዶ ከረጢት ስባ ተቀመጠች። ውኃ በፀሐይ እየሞቀ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ላይ ደመና እንደሚሆን፣ ደመናው ሲከብደው እንደሚዘንብ፣ አንዱን ሳታስቀር ነገረቻት። ገበያተኛ መጣ፣ ቆመ፣ ጠበቀ። የሺእመቤት ዘወር ብላ አላየችውም።

በሉ፣ እኔ ጨረስኩ። አንዳችሁ ደግሞ ከእኔ የተሻለ አምጡ።